ያልተሸለመው ምን ይዞ ይመለሳል? የኤሌክትሮኒክስ ዲዛይን ውድድሮች ሒሳብ

የዲዛይን ውድድር ማስታወቂያ ሲወጣ ባሕር ዳር ውስጥ የብየዳ ብረት የሚይዝ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሽልማቱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ማስታወቂያው በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በቴሌግራም ይምጣ፣ ከውጭ ቺፕ አምራች ድረ ገጽ ይገኝ፣ ጥያቄው ያው ነው። አዘጋጆችም ይህን ስለሚያውቁ የብሩን መጠን በትልቁ፣ ደንቡን በደቃቁ ይጽፋሉ። ውድድሩ ለተወዳዳሪው ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ ግን ከሽልማቱ መጠን አይታወቅም። ያሸነፈ ሰው መቼም ቅሬታ የለውም። መታየት ያለበት ሌላው ነው፦ ያልተሸለመው ሰው ካፈሰሰው ገንዘብ፣ ጊዜና ሐሳብ ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ስለሆኑ አንባቢ በራሱ ይተካቸው። 40 ሰው ተመዘገበ እንበል። እያንዳንዱ ለቦርድ፣ ለሴንሰር፣ ለባትሪና ለሳጥን 6,000 ብር ያወጣል፤ ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ተደምሮ 120 ሰዓት ይሠራል። የተቃጠለ ሞጁል መተኪያም በዚያው 6,000 ውስጥ ነው፤ ምንም ሳይቃጠል አልቃለሁ ብሎ በጀት የሚይዝ ጀማሪ ብቻ ነው። ለሦስቱ አሸናፊዎች የተመደበው ጠቅላላ ሽልማት 100,000 ብር ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከኪሳቸው ያወጡት ሲደመር 240,000 ብር፣ የሠሩበት ጊዜ 4,800 ሰዓት ይሆናል። ሽልማቱ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለአንድ ሰው 2,500 ብር ይደርሰዋል፤ የዕቃውን ግማሽ እንኳ አይመልስም። አዘጋጁ ግን በ100,000 ብር ተሠርቶ የተሞከረ 40 ሐሳብ ፊቱ ተደርድሮለታል።

ይህ ብቻውን በደል አይደለም። በሩጫም ቢሆን አንድ ሰው ያሸንፋል፣ ሌላው ላቡን ጠርጎ ይሄዳል። ልዩነቱ ሯጩ ሲሸነፍ እግሩን ይዞ መሄዱ ነው። የዲዛይን ተወዳዳሪ ግን ሲሸነፍ ሥራውን እዚያው ትቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ናሙናው «አይመለስም» ይባላል፣ የሰርኪት ስዕሉና ኮዱ በአዘጋጁ እጅ ይቀራል።

አዘጋጆች ለምን እንደሚያወዳድሩ ማወቅ ደንባቸውን ለማንበብ ይረዳል። ቺፕ አምራቹ የሚፈልገው ሰዎች የእሱን ቺፕ እንዲለምዱ ነው፤ ዛሬ ለውድድር ብሎ የተማረው ተማሪ ነገ መሥሪያ ቤት ሲገባ ያንኑ ቺፕ ያዝዛል። ስለዚህ «የእኛን ቦርድ መጠቀም ግዴታ ነው» የሚል አንቀጽ ያስገባል። ቦርዱን በነጻ ከላከ ነገሩ ሚዛናዊ ነው፤ የተሸነፈውም ቢያንስ ቦርዱ ይቀርለታል። ቦርዱን ግዛና ተወዳደር ካለ ግን ተወዳዳሪው ደንበኛ ሆኗል ማለት ነው። የትምህርት ተቋም የሚያዘጋጀው ውድድር ብዙ ጊዜ ከሁሉም የዋህ ነው፤ ጉድለቱ የሚያመዝነው በገንዘብ እጥረትና በዳኝነት በኩል ነው። በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ መሣሪያውን በኋላ ራሱ የሚጠቀምበት ወይም የሚሸጠው አካል የሚጠራው ውድድር። እምቦጭን ከጣና ላይ ለመቆጣጠር፣ የመስኖ ፓምፕን ከርቀት ለመዝጋት፣ የዓሣ ማቀዝቀዣን ሙቀት ለመከታተል ተብሎ ሲጠራ ጉዳዩ ከውድድር ይልቅ ወደ ጨረታ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት ይጠጋል። ጨረታ ቢወጣ ኖሮ ለሥራው ይከፈል ነበር። «የተመረጠው ዲዛይን ሥራ ላይ ይውላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ደንቡ ውስጥ ካለ፣ ከሽልማቱ የተለየ የግዢ ውል እንደሚኖር አብሮ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ሽልማቱ የዋጋ ቅናሽ ነው።

ከደንቡ ሁሉ ቀድሞ መነበብ ያለበት የባለቤትነት አንቀጽ ነው። ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ይደበቃል። በውጭ ውድድሮች የተለመደው አጻጻፍ ተወዳዳሪው ለአዘጋጁ «ዘላለማዊ፣ የማይሻር፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራና ያለ ክፍያ የሆነ ፈቃድ» ይሰጣል የሚል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለይ። ፈቃዱ የተሰጠው ለምንድን ነው? ፎቶውንና መግለጫውን ለማስታወቂያ ለማሳየት ከሆነ ችግር የለውም። «ለማምረት፣ ለማሻሻልና ለመሸጥ» የሚል ከተጨመረበት ግን ዲዛይኑ ተሰጥቷል። ቀጥሎ፣ ፈቃዱ የሚወሰደው ከማን ነው? ከአሸናፊዎች ብቻ ከሆነ ሽልማቱ እንደ ዋጋ ሊቆጠር ይችላል። «ከቀረቡት ሥራዎች ሁሉ» ካለ ግን 37ቱ ተሸናፊዎች ያለ አንድ ሳንቲም ሸጠዋል።

«ዲዛይኑ ለሁሉም ክፍት ይሆናል» የሚል ውድድር ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ሃክአዴይ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎች ድረ ገጽ የሚሰጠው ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር ሥራዎቹ ክፍት እንዲሆኑ ጠይቆ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈው ሳትኖግስ የተባለ የግሪኮች የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ ሲሆን፣ ከጠፈር ጉዞና ከ196,418 ዶላር እንዲመርጡ ተጠይቀው ገንዘቡን ወሰዱ፤ በእሱም ሥራውን የሚያስቀጥል ድርጅት አቋቋሙ። እዚያ የተሸነፈውም ሥራውን ለዓለም ሰጠ እንጂ ለአንድ ድርጅት አልሰጠም፤ ራሱም ሊያመርተው ይችላል፣ ጎረቤቱም ይችላል። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማእከል የሆነው ሰርን ለሃርድዌር (ለሚዳሰሱ መሣሪያዎች ዲዛይን) ያዘጋጀው ክፍት ፈቃድ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሁለተኛው እትም፣ ሦስት ዓይነት አለው፤ ጠበቅ ያለውን የመረጠ ሰው ዲዛይኑን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ማሻሻያውን መልሶ ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ክፍት ማድረግና መስጠት አንድ አይደሉም።

የአገራችን ሕግ እዚህ ላይ ምን ይላል? የቅጂ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ኮድንና ስዕልን ይጠብቃል፤ የሚሠራበትን ሐሳብ ግን አይጠብቅም። ሰርኪቱን አይቶ እንደገና የሣለ ሰው በቅጂ መብት አይጠየቅም። ሐሳቡን የሚጠብቀው ፓተንት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት 5 ዓመት የሚቆይና ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ ሲሆን፣ የአብዛኛው የውድድር ሥራ ልክ እሱ ነው። ተወዳዳሪዎች የሚስቱት ነጥብ ይህ ነው፦ በአዳራሽ የታየና በድረ ገጽ የተለቀቀ ፈጠራ ይፋ ወጥቷል ማለት ነው። አዋጁ ባለቤቱ ራሱ ይፋ ላወጣው ፈጠራ የ12 ወር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲስነቱ ይጠፋል። በአውሮፓ ግን ያ ጊዜ የለም፣ ይፋ በወጣ ማግስት ያበቃል። መብቱን ማስመዝገብ የሚያስብ ሰው ከውድድሩ በፊት ያመልክት፤ ቢዘገይ ደግሞ የቀረበበትን ቀን ይመዝግብና ከዚያ ይቁጠር።

ዳኝነቱ ላይ የሚፈጸመው በደል ግን ከባለቤትነቱ የረቀቀ ነው፤ አድልዎ ባይኖርም ይፈጸማልና። ለማየት አንድ የተለመደ ሥራ እንውሰድ፦ የጣናን የውኃ ከፍታ እየለካ በኤስኤምኤስ የሚልክ መሣሪያ። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው። ውኃ የማያስገባ፣ በድምፅ ርቀት የሚለካ የአልትራሳውንድ ሴንሰር፣ ኮዱ የሚጫንበት አንድ ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ፣ በሞባይል ኔትወርክ መልእክት የሚልክ ሲም 800ኤል ሞጁል፣ የሊቲየም ባትሪ፣ ትንሽ ሶላር ፓነል። ዳኞች ፊት የሚታየው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ባልዲ፣ ውኃ፣ ከላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር፣ ስልክ ላይ የሚገባ መልእክት። አምስት ደቂቃ፣ ጭብጨባ።

አሁን ያንኑ መሣሪያ ወስዳችሁ ጎርጎራ ወይም ቁንዝላ ላይ ሐይቁ ዳር ትከሉት። ሴንሰሩ ርቀቱን የሚያሰላው ድምፅ ሄዶ እስኪመለስ በፈጀው ጊዜ ነው፤ ኮዱ ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ይህ ግን በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ፍጥነቱ የሚገኘው 0.6 በሙቀቱ (በሴልሺየስ) ተባዝቶ 331.3 ላይ ሲደመር ነው። ባሕር ዳር ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከፍታው ድምፁን አያዘገየውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። ሴንሰሩ ከውኃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ ቢተከል፣ ንጋት ላይ በ12 ዲግሪ ወደ 4 ሴንቲሜትር አርቆ ያነባል፣ ቀትር ላይ በ30 ዲግሪ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ አቅርቦ ያነባል። በዚህ ሒሳብ ጣና በየቀኑ እስከ ቀትር 9 ሴንቲሜትር ይሞላል፣ ሌሊት ደግሞ ይጎድላል ማለት ነው። የሐይቁ የዓመት ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ስህተት መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። በግማሽ ሜትር ባልዲ ላይ ግን ያው ስህተት ከአንድ ሴንቲሜትር አያልፍም፤ ዳኛ አያየውም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አንድ የሙቀት ሴንሰር ጥላ ሥር፣ ከ4.7 ኪሎ ኦም ሪዚስተር ጋር፣ በኮዱም አንድ መስመር።

ሞጁሉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሲም 800ኤል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፣ በሚልክበት ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ከተማ ውስጥ አንቴናው ቅርብ ስለሆነ በትንሽ ኃይል ይልካል፤ ከላፕቶፕ ዩኤስቢ እንኳ ተቀጥሎ ይሠራል። ኔትወርኩ ደከም ባለበት ዳርቻ ሞጁሉ ኃይሉን ሁሉ ይጠቀማል፤ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወድቅና ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ መልእክት ሳይልክ እንደገና ይጠፋል። 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ ዕቃ) ከሞጁሉ እግር አጠገብ መበየድና በቀጥታ ከሊቲየም ባትሪው በወፍራም አጭር ሽቦ መመገብ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። የባትሪው ነገርም አለ። ቺፑ ሲተኛ 10 ማይክሮአምፔር ብቻ ይበላል ተብሎ በመግለጫው ይጻፋል፤ የተገዛው ሙሉ ቦርድ ግን በመብራቱ፣ በዩኤስቢ ቺፑና ቮልቴጁን በሚያስተካክለው ሬጉሌተር ምክንያት ብዙ ሚሊአምፔር ይስባል። 10 ሚሊአምፔር ቢሆን 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በ10 ቀን ያልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ፓነሉን ብዙ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። በዚህ ላይ ተንሳፋፊ እምቦጭ ከሴንሰሩ ሥር ሲገባ የሚለካው የቅጠሉ ከፍታ ነው። ሴንሰሩን ጠባብ ቱቦ ውስጥ ማስገባት የሚያስቡ አሉ፤ ግድግዳው ራሱ ስለሚያስተጋባ ነገሩን ያባብሰዋል። 15 ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድና ቦታውን በሽቦ አጥር መከለል ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያስተካከለ ተወዳዳሪ አለ። ሦስት ሳምንት ዳር ላይ አቁሞ መዝግቧል፤ ሳጥኑ በጭቃ ተለውሷል፣ ግራፉ ላይ ሁለት ቀን የተቋረጠ መረጃ አለ፣ ቪዲዮውም ይንቀጠቀጣል። ከጎኑ ያለው በ3ዲ የታተመ አብረቅራቂ ሳጥንና ባልዲ ይዞ መጥቷል። መስፈርቱ «ፈጠራ፣ አቀራረብ፣ ማኅበራዊ ፋይዳ» ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይሸነፋል። ዳኞቹ ሐቀኞች ሆነው ሳለ ውጤቱ የሥራውን ጥራት አያሳይም። ውጤቱ በሕዝብ ድምፅ ከተወሰነማ አለመናገር ይሻላል፤ ብዙ ዘመድና ብዙ የቴሌግራም ቡድን ያለው ያሸንፋል።

ከውጭ በሚመጡ ውድድሮች ላይ ባሕር ዳር ያለ ሰው ተጨማሪ ሸክም አለበት፤ አብዛኛውንም አዘጋጁ አስቦት አያውቅም። ዕቃ ይላክልሃል ቢባል እንኳ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት መሄዱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል፤ ሬዲዮ ያለበት ሞጁል ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። ከመርካቶ በመኪና የሚላከው ይቀላል፤ ዋጋው ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ነው። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር ሲያልፍ፣ የቀድሞው በጀት ዋጋ አጣ። የመጨረሻዋ ቀን ራሷ ወጥመድ ናት። «በፓስፊክ ሰዓት 11:59 PM» (በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው) ሲባል በእኛ በማግስቱ ጧት፣ በእነሱ ክረምት 4 ሰዓት ከ59፣ በበጋቸው 3 ሰዓት ከ59 ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጦ አንድ ቀን የሳተም አለ። ኢንተርኔቱም አለ፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ የዓለም ውድድሮች ቀን አላራዘሙም። ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ በ1080 የምስል ጥራት ሲቀረጽ ወደ 380 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ720 ተጨምቆ 60 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳል፣ ለዳኛውም ያው ነው። ከ48 ሰዓት በፊት ያልገባ ሥራ እዚህ እንዳልገባ ቢቆጠር ይሻላል።

«ማንም አልተገደደም፣ ወዶ ነው የገባው» የሚል መልስ ይሰጣል። ግማሽ እውነት አለው። ቀነ ገደብ ባይኖር ብዙ ፕሮጀክት ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የመሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ ሆኖ አቧራ ይጠጣ ነበር፤ ለውድድር ብሎ ሰነድ መጻፍ የተማረ፣ በመጀመሪያ ሽንፈቱ ሥራ ያገኘ ሰው አለ። ግን ያ ጥቅም የሚገኘው ተሸናፊው የዳኞቹን አስተያየት ሲያገኝ ነው። «ሥራችሁ ድንቅ ነበር፣ በርቱ» የሚል አንድ ዓይነት ኢሜይል ለ37 ሰው መላክ አስተያየት አይባልም፤ ሰርተፊኬቱም ካፓሲተር አይገዛም። ደንቡን ሳያነብ የገባ ሰውም ወዶ ገባ ለማለት ያስቸግራል፤ ደንቡ በእንግሊዝኛ 12 ገጽ ሆኖ ማስታወቂያው በአማርኛ አንድ ገጽ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ አይደለም።

አዘጋጁ ያው 100,000 ብር ይዞ ነገሩን ማስተካከል ይችላል። የመጀመሪያው ዙር በወረቀት ብቻ ይሁን፦ ሁለት ገጽ ጽሑፍ፣ አንድ ብሎክ ዲያግራም (የመሣሪያው ክፍሎች እንዴት እንደሚያያዙ የሚያሳይ ስዕል)፣ የዕቃ ዝርዝር ከዋጋው ጋር። ይህ 10 ሰዓት ይወስዳል። ከ40ው 10 ይመረጥና ለእነሱ የዕቃ 6,000 ብር ይሰጥ። 60,000 ብር ለዕቃ ሄደ፣ 40,000 ለሽልማት ቀረ። 30ዎቹ የከሰሩት 10 ሰዓት ነው፤ ኪሳቸው አልተነካም። ጠቅላላ የሥራ ሰዓቱ ከ4,800 ወደ 1,500 ይወርዳል፤ በሁለተኛው ዙርም የተሸነፈው ቢያንስ በሌላ ሰው ገንዘብ የተሠራ መሣሪያ ይዞ ይሄዳል። ሽልማቱ በማስታወቂያው ላይ አንሶ መታየቱ አዘጋጆችን ያስፈራቸዋል። ይፍሩ፤ ቁም ነገረኛ ተወዳዳሪ ይህን ሁለተኛ አሠራር ይመርጣል።

ተወዳዳሪውም ከመመዝገቡ በፊት በአንድ ስልክ ጥሪ ሊያጣራ የሚችለው ብዙ ነገር አለ፦ ናሙናው ይመለሳል ወይ፣ ፈቃዱ ከተሸናፊም ይወሰዳል ወይ፣ ነጥቡ ለያንዳንዱ መስፈርት ስንት ስንት ነው፣ ሽልማቱ በምን መንገድና መቼ ይከፈላል። የሚመልስ ሰው ከጠፋ መልሱ እሱው ነው። ከዚያ በላይ ላለማውጣት አስቀድሞ የብር ጣሪያ ይወሰን፤ የሠሩትን ቀን በቀን በፎቶና በጊትሀብ (ኮድ ከነቀኑ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ይመዝግቡ፣ በኋላ «ሐሳቡ የማን ነው» የሚል ክርክር ቢነሣ የቀኑ ማስረጃ ያግዛል። ሙሉውን ኮድና የቦርድ ፋይል ደንቡ ካላስገደደ በመጀመሪያ ዙር አለማስገባት ነው፤ ብሎክ ዲያግራምና የሚሠራ ቪዲዮ ለመገምገም ይበቃል።

ዳኝነቱን በተመለከተ ባሕር ዳር ላይ ማሳበቢያ የለም፤ ሐይቁ ከአዳራሹ የእግር መንገድ ነው። ለመጨረሻው ዙር ያለፉት 10 መሣሪያዎች ዳር ላይ ይተከሉ፤ በአንድ ቀን፣ በየራሳቸው ባትሪ፣ ለ7 ቀን፣ ባለቤቶቹ ሳይነኳቸው። ከጎናቸው በየሴንቲሜትሩ ምልክት የተቀባ እንጨት ይቁምና አንድ ሰው ጧትና ቀትር አንብቦ ይጻፍ። በስምንተኛው ቀን ማን ስንት መልእክት እንደላከና ከእንጨቱ ንባብ በስንት ሴንቲሜትር እንደራቀ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።